ከመውጣትሽ በፊት እድር ግቢ

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ ጉርድ ልታሰፋ ሱቄ መጣች። ልኬቷን እየወሰድኩ ሳለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እትዬ፣ ያን ጊዜ የወጡት እርስዎ ነዎት አይደል?" አለችኝ። (እትዬ መባልን ገና አልለመድኩትም። 34 ዓመቴ ነው።) ከምን እንደወጣሁ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ካደግኩበት የሃይማኖት ኅብረት ነው። ቀሚሷ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ነው። ጆሮዋ አልተበሳም። ሻሿን ድሮ እኔ እንደማስረው ከኋላ ነው ያሰረችው። ቀጥላ ልትጠይቀኝ አፏን ስትከፍት ሌላ ደንበኛ ገባ። ጉርዱን ልትወስድ የመጣችው ታናሽ እህቷ ናት።

ልትጠይቀኝ የፈለገችው እንዴት እንደሚወጣ ይመስለኛል፤ ስለዚህ መልሱን እዚህ እጽፈዋለሁ። ስሟን አልጠቅስም፤ የኅብረቱንም ስም አልጠቅስም። ወንድ ከሆንክ "አንቺ" ያልኩትን "አንተ" እያልክ አንብበው።

እኔ 7 ዓመቴ ሳለ ነው እማዬ የገባችው። ከገባን በኋላ ማኅበር ቀረ፣ እድር ቀረ፣ ፋሲካና ገና ቀረ፣ መንዝ ያለችው አያቴ ቤት መሄድም ቀረ። ከኅብረቱ ውጪ ያለው ሁሉ "ዓለም" ነው፤ ከዓለም ጋር ደግሞ ማዕድ አይቆረስም። የወጣሁት በታኅሣሥ 2010 ነው። ማመን ያቆምኩት ግን በ2008 ነበር። በመሃል ያለውን ሁለት ዓመት ዝማሬ እየዘመርኩ፣ ጸሎት ላይ አሜን እያልኩ ቆየሁ። ግብዝ ነኝ እያልኩ ራሴን ብዙ ሰድቤያለሁ። አሁን ግን እንዲያውም ያ ጊዜ አጠረኝ ነው የምለው። ሁለት ዓመት ሙሉ እያለቀስኩ ከማሳልፈው ብዘጋጅበት ኖሮ ያን ያህል አልጎዳም ነበር።

እንግዲህ አንደኛው ምክሬ ይኸው ነው። ልብሽ በወጣ ማግስት እግርሽ አይውጣ። ቁጭ ብለሽ በእነሱ እጅ ያለውን ነገርሽን ቁጠሪ። እኔ አልቆጠርኩም። የምኖርበት ቤት የአንድ የኅብረቱ ወንድም ነው። የምሰፋበት መኪና የአንዲት እህት ውሰት ነው። ደንበኞቼ በሙሉ የእኛው ሴቶች ናቸው። ያጠራቀምኳት ገንዘብ በጋራ ሣጥን ውስጥ ናት። የትምህርት ማስረጃዬ የእማዬ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ አንገቷ ላይ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤት፣ ሥራና ደንበኛ አጣሁ። ማንም አልቀማኝም። ሁሉም የራሱን ነው የወሰደው።

ወረቀትሽን ቀድመሽ አውጪ። የልደት ካርድ፣ የክርስትና ካርድ ካለሽ፣ የ8ኛ፣ የ10ኛ፣ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ አሁን ደግሞ ፋይዳ። "ፎቶ ኮፒ ላስነሳ" በያቸው፤ ውሸት አይደለም። ዋናውን ራስሽ ያዢ፣ ኮፒውን መልሺ። ሲም ካርድሽ በአባትሽ ወይም በወንድምሽ ስም ከሆነ በራስሽ ስም ሌላ አውጪ። የባንክ ደብተርም እንዲሁ። ቢያንስ የሦስት ወር ኪራይ ይኑርሽ። እኔ 4,200 ብር ነበረችኝ። ያኔ የቤት ኪራዬ 600 ብር ስለነበር ብዙ መስሎኝ ነበር። አሮጌ የእግር ሲንጀር ስገዛበት እጄ ላይ የቀረው የአንድ ወር ኪራይ ብቻ ነው።

ደግሞ በታኅሣሥ አትውጪ! ደብረ ብርሃን ላይ ይህን ለማንም አልነግርም፤ ታውቂዋለሽ። ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው አልብሶት ያድራል። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ውስጥ ሁለት ነጠላ ደርቤ የተኛሁ ሰው እኔ ነኝ። ብቸኝነት በራሱ ይበርዳል፤ ለምን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከውርጭ ጋር ትደርቢዋለሽ? መስከረም ይሻላል።

አሁን እድሩን ልንገርሽ። ኅብረቱ እድር የሚከለክለው "የዓለም ነው" በሚል ነው። "ወንድሞች ይቀብሩሃል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ይቀብራሉ። የወጣውን ግን አይቀብሩም። እኔ ይህ የገባኝ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ ሌሊት በታይፎይድ ስንቀጠቀጥ ነው። ብሞት ማን ነው የሚሰማው? ማን ነው ድንኳን የሚተክለው? ሳቂብኝ፤ 26 ዓመቴ ነበር፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ድንኳን ነው።

እዚህ አገር ሰው የሰፈሩ ሰው የሚሆነው እድር ሲገባ ነው። ስለዚህ ከመውጣትሽ ስድስት ወር ቀድመሽ፣ ልትከራይ ባሰብሽበት ሰፈር ያለውን የሴቶች እድር ጠይቂ። አንዳንዱ ባለትዳር ካልሆንሽ አልመዘግብም ይልሻል። ሌላውን ሞክሪ። መግቢያ ብለው የድንኳኑን፣ የወንበሩንና የድስቱን ድርሻ ያስከፍሉሻል። እኔ ስገባ ወርኃዊው 20 ብር ነበር። ሃይማኖቴን የጠየቀኝ የለም። ጸሐፊዋ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቀብር ላይ ትገኛለሽ ወይስ መቀጫ ትከፍያለሽ?"

ትገኛለሽ። መቀጫ ከፍሎ የሚቀር ሰው እድርተኛ አይባልም። የመጀመሪያው ለቅሶ ላይ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። እኛ ዘንድ ለሞተ አይለቀስም፤ ደረት መምታት ኃጢአት ነው። ዳር ቆሜ ስቅበዘበዝ አንዲት ትልቅ ሴት ቢላዋና አንድ ማዳበሪያ ሽንኩርት ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ማንም እንግዳ አላለኝም።

አንድ ነገር ግን ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። እድር ድንኳን አለው እንጂ መቃብር የለውም። መቃብሩ በአብዛኛው የቤተ እምነት ነው። ከአንዱ ወጥተሽ ወደ ሌላው ካልገባሽ ይህ ጥያቄ ይጠብቅሻል። እኔም ገና አልፈታሁትም። የእድሩ ዳኛ ስጠይቃቸው፣ "አንቺ መጀመሪያ ኑሪ፤ እሱን እኛ እንጨነቅበታለን" አሉኝ። ለጊዜው በዚህ ይዘነዋል።

መናገሩ ላይ እንምጣ። ሽማግሌዎቹ ይጠሩሻል። እኔን ሦስት ጊዜ ጠሩኝ፤ ሦስት ወንዶች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ እኔ ብቻዬን። የመሄድ ግዴታ የለብሽም። ከሄድሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ካልፈቀዱ አትግቢ። የልብሽን አትዘርግፊ። የሚጠይቁሽ ለመረዳት ይመስልሻል፤ አንዳንዱ እውነትም ለመረዳት ነው። ነገር ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያልሽው ሁሉ እሁድ ጉባኤ ላይ ይወጣል። እኔ በሁለተኛው ቀን ላይ ስለ አንድ የልጅነት ስሕተቴ ተናገርኩ። በሳምንቱ የመውጣቴ ምክንያት እሱ ሆኖ ተወራ። ክርክር ውስጥም አትግቢ። ጥቅስ ቢጠቅሱ ጥቅስ አትመልሺ፤ እነሱ የኖሩበት ሜዳ ነው። "አስቤበታለሁ፣ ወስኛለሁ፣ ስላሳደጋችሁኝ አመሰግናለሁ" በቂ ነው። ምንም ወረቀት አትፈርሚ።

"ወንድ ነው ያሳታት" መባሉ አይቀርም። ወንድ ከሆንክ ደግሞ "ገንዘብ ነው" ወይም "መጠጥ ነው" ትባላለህ። አታስተባብሉ። ለአንዱ ስታስተባብሉ ለሦስቱ ይዳረሳል።

ለእናትሽ ግን ከሽማግሌዎቹ ቀድመሽ ንገሪ። ከእነሱ አፍ ከሰማችው ሁለት ጊዜ ነው የምትቆስለው። አጭር አድርጊው። እኔ "እማዬ፣ የተውኩት እምነቱን ነው፤ አንቺን አልተውኩም" ለማለት አንድ ሳምንት መስታወት ፊት ተለማምጄ ነበር። ስደርስ ቡና እየቆላች ነው። አልኩት። መቁላቷን አላቆመችም። ቡናው አረረ። "ወጥተሽ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ይገባል" ብቻ አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ እስካሁን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም።

ከዚያ ማስታወቂያው ይመጣል። "እህት እከሊት ከእኛ ተለይታለች" ይባላል። ማብራሪያ የለውም። ሁለት ጥቅስ ይነበባል፤ እንደዚህ ካለው ጋር መብል እንኳ አትብሉ የሚለው ከ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5፣ በቤት አትቀበሉት ሰላምም አትበሉት የሚለው ከ2ኛ ዮሐንስ። ከሰኞ ጀምሮ ከተማው ይለወጣል። ሸዋ ውስጥ ያደገ ሰው ሰላምታ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከፍየል ጀምሮ እስከ አክስት ልጅ ድረስ ደህንነቱ ሳይጠየቅ መንገድ አይታለፍም። አሁን ግን አብራሽ የዘመረች ሴት ከፊት ለፊት እየመጣች ድንገት የሱቅ መስኮት ማየት ትጀምራለች። መስኮቱ ውስጥ የተደረደረው የመኪና ጎማ ነው!

በዚህ ላይ ብዙ ተሳስቼ የደረስኩበትን ልንገርሽ። በመጀመሪያው ወር አንገቴን ደፍቼ ሄድኩ። ጥፋተኛ መሰልኩ። በሁለተኛው ወር እኔም ፊቴን አዞርኩ። ይሄኛው ደግሞ ያቃጥላል፤ ማታ እንቅልፍ ይነሳል። በኋላ ግን ሕግ አወጣሁ። ቀድሜ ሰላም እላለሁ፣ አንድ ጊዜ፣ "ደህና ዋሉ" ብዬ። መልስ ለመስማት አልቆምም። እግሬን አላዘገይም። ሰላምታው የእኔ ነው፤ መልሱ የእነሱ ጉዳይ ነው። ስምንት ዓመት ሆነኝ። አሁን ሦስት አራት የሚሆኑት በቅንድብ ይመልሳሉ።

ልጆችን ግን ተጠንቀቂ። የጓደኛዬ ልጅ፣ የ5 ዓመት ሕፃን፣ ገበያ መሃል ስሜን እየጠራች ሮጣ ወገቤን አቀፈችኝ። እናቷ ክንዷን ይዛ ነጠቀቻት። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ስላልገባት አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ከሩቅ ሳያት መንገድ የምቀይረው እኔ ነኝ። ከረሜላ አትስጪያቸው፣ "ለማሚ እንዳትነግሪ" አትበያቸው። የትልልቅ ሰዎችን ጠብ ሕፃን አይሸከምም።

ሽማግሌዎቹ ከሄድሽ መዓት ይመጣል ብለው ያስፈራሩሽ ይሆናል። እኔን "አንድ ዓመት አይሞላሽም" ብለውኛል። ስለዚህ ያ ታይፎይድ ሲይዘኝ በሽታ አልመሰለኝም፤ ፍርድ መሰለኝ። ሐኪም ቤት የሄድኩት በሰባተኛው ቀን ነው። ምርመራ፣ መድኃኒት፣ አለቀ። የጠጣሁት ያልፈላ ውኃ ነበር።

የከተማችንን ስም አወጣጥ ታውቂው የለ? በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ከአፄ ዘርአ ያዕቆብ ጋር በሃይማኖት አልተስማሙም፤ በድንጋይ ተወገሩ። ከ38 ቀን በኋላ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ፈጣሪ ሥራዬን ወደደልኝ ሲል ተረጎመው፤ ቤተ ክርስቲያን አሠራ፣ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ። ይህን ስሰማ ነው የእኔ ታይፎይድ የቀለለኝ። ሰው ራሱ ለፈረደው ፍርድ ሰማይን ምስክር ሲጠራ የቆየ ነገር ነው። ስትታመሚ ሐኪም ቤት ሂጂ። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ወይም መሞትን ማሰብ ከጀመርሽ፣ ለአንድ ሰው በዚያው ቀን ንገሪ፤ የአእምሮ ሕክምና ማለት አማኑኤል ብቻ አይደለም፣ አጠገብሽ ያለውን ሆስፒታል ጠይቂ።

ሕጉን በአጭሩ። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የመረጥሽውን እምነት እንድትይዢ ይፈቅዳል፤ በኃይልም ሆነ በሌላ ማስገደድ ማንም ሊከለክልሽ አይችልም ይላል። ይህ ማለት ግን ሰላም ያላለሽን ትከሺያለሽ ማለት አይደለም። መኮራረፍ ወንጀል አይደለም። መምታት፣ መዛት፣ ቤት መቆለፍ፣ ንብረት መያዝ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለፖሊስ ትነግሪያለሽ። ባለትዳር ከሆንሽ ፍቺውንም፣ ልጅ ከማን ጋር ይደግ የሚለውንም የሚወስነው ፍርድ ቤት እንጂ ሽማግሌ አይደለም። "ውርስ የለሽም" ሲሉሽም አትደንግጪ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅን ከውርስ ለመንቀል ኑዛዜ ላይ ምክንያቱ ተገልጾ መጻፍ አለበት፤ ስምሽን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይበቃም። የገጠር መሬት የራሱ ሕግ ስላለው ወረዳውን ጠይቂ።

ከአንዱ ወጥተሽ በሳምንቱ ሌላው ውስጥ ዘለሽ አትግቢ። እኔ ልገባ ነበር። በጥር ወደ አያቴ ሄድኩ። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበር፤ በጣርማበር ታጥፈሽ ወደ መንዝ ስትወጪ ሥጋት የለብሽም። 19 ዓመት አላየኋትም። እማዬ ኅብረቱ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የተለየችው ከእሷ ነው። እያፈርኩ ደረስኩ። አያቴ በርኖሷን እንደደረበች በር ላይ ቆማ ካየችኝ በኋላ፣ "የማን ልጅ ነሽ?" አለችኝ። ነገርኳት። በሶ በጥብጣ ሰጠችኝና በጎቹን ልታስገባ ወጣች። ስለ ሃይማኖት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጎረቤቶቿ ግን ተነፈሱ። "ጠበል ትጠመቅ፣ የንስሐ አባት ትያዝ" የሚል ሽምግልና በሦስተኛው ቀን መጣ። እነሱም እኮ ወደውኝ ነው። አያቴ፣ "ልጅቷ ገና ከመንገድ ነው የገባችው፤ ትረፍ" ብላ መለሰቻቸው። ያንን ዕረፍት ለራስሽ ስጪ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። ከዚያ ብትገቢም ባትገቢም አስበሽበት ይሁን።

በዓሉን ደግሞ ተማሪ። የመጀመሪያው ፋሲካዬ ላይ ዶሮ ገዝቼ ቁጭ ብዬ አየኋት፤ 12 ብልት እንዴት እንደሚወጣ አላውቅም። ስምንት አወጣሁ። አከራዬ ሳቃቸውን እየያዙ የቀረውን አስተካከሉልኝ። አሁንም 11 ላይ የሚምታታብኝ ጊዜ አለ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመኝ ነው። ማንኛውም መለየት ቀዳዳ አለው። ሰው ሁልጊዜ ሙሉ ለሙሉ መዝጋት ስለማይችል "ካስፈለገ በቀር" የምትል ነገር ይተዋል። ሕመም ይሆናል፣ ቀብር ይሆናል፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ ይሆናል። የእኛዎቹ "ለሥራ ካልሆነ በቀር" አሉ። ያንቺዎቹ የተዉትን ቀዳዳ ፈልጊ። ከዚያ እዚያ ቀዳዳ አጠገብ ቁሚ፤ አትግፊው፣ አታስፊው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በሁለተኛው ዓመት ላይ የእማዬ ጎረቤት አንድ ጉርድ ይዛ መጣች። "ተቀዶባት ነው፤ ስፊላት" አለችኝ። ዘርግቼ አየሁት። ጨርቅ ምስማር ሲይዘው እንዴት እንደሚቀደድ አውቃለሁ፤ ክሩ ይጎተታል፣ ጠርዙ ይበጣጠሳል። ይሄ ቀጥ ያለ ነበር። በመቀስ የተቆረጠ ነው። ምንም አላልኩም። ሰፍቼ፣ ተኩሼ ላክሁት። በወሩ ሌላ መጣ። ከዚያ የሹራብ ክንድ። ከዚያ ነጠላ፣ ጥለቱ ጋ፣ በጣም በጥንቃቄ፣ ሦስት ጣት ያህል።

ዛሬ መኪናዬ ላይ ያለው የካፖርቷ ገበር ነው። ረቡዕ ጎረቤቷ ትወስደዋለች። ሒሳቡ 90 ብር ነው። እማዬ ሁልጊዜ 100 ብር ትልካለች፤ እኔም 10 ብር መልሱን ኪሱ ውስጥ እከታለሁ። በሚቀጥለው ልብስ ኪስ ውስጥ ያቺው 10 ብር፣ ጫፏ በፕላስተር የተለጠፈችው፣ ተመልሳ ትመጣለች።